የት ሆና ትሠራለች? ከአዋሽ እስከ ሰመራ የተደረገ ማጣራት

መነሻ

አዲስ አበባን የለቀቅሁት በአንድ ማክሰኞ ማለዳ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንዲት ሴት በየትኛው ሀገር ተቀምጣ እንደምትሠራ ማረጋገጥ ነበር። ዓላማው ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ስለሚችል ከመንገዱ በፊት እርሱን ላስረዳ።

የምሠራበት ድርጅት፣ በኢትዮጵያ ሕጋዊ ምዝገባ የሌላቸው የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች እዚህ ሰው መቅጠር ሲፈልጉ በእነርሱ ምትክ ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍል፣ ግብርና ጡረታ የሚቆርጥ ነው። ሠራተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ባሕር ማዶ ላለ የትምህርት ክፍል ይሠራል፤ በወረቀት ግን የእኛ ሠራተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ስለዚህ ዓይነቱ ቅጥር የሚያወጡት መመሪያ ረጅም ቢሆንም የቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ሠራተኛው አስቀድሞ ካልተፈቀደለት በቀር፣ ውሉ ላይ ከተጻፈው ሀገር ውጭ ሆኖ አንድ ቀንም ቢሆን መሥራት የለበትም። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም። ሰው ሌላ ሀገር ተቀምጦ ሲሠራ የዚያ ሀገር ግብር ሰብሳቢ ዩኒቨርሲቲውን ሊጠይቅ ይችላል፤ አደጋ ቢደርስበት ኢንሹራንሱ አይሸፍነውም፤ በእጁ ያለው መረጃም አብሮት ድንበር ተሻግሯል። እኔ ይህን መመሪያ የማስከበር ኃላፊነት አለብኝ። በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ለቦታው የታጨሁትም በዚሁ ይመስለኛል።

ጉዳይዋ የሚጣራው ሴት ሐያት ሙሄ ትባላለች። ሥራዋ ለአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በአፋርኛ የተቀዱ ድምፆችን እያዳመጠች በጽሑፍ ማስፈር ነው። ውሏ የሥራ ቦታዋ ሰመራ ነው ይላል። የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ግን ሁለት ነገር አግኝተውባት ነበር። የመጀመሪያው፣ በእንግሊዝኛ በተካሄደ የቪዲዮ ስብሰባ ላይ፣ የተቀጠረችበትን ሀገር ለጊዜው ለቅቃ ወደ ገዛ ሀገሯ እንደምትሄድና ከኢድ በኋላ እንደምትመለስ በራሷ አንደበት መናገሯ ነው። ሁለተኛው፣ ኮምፒውተሯ በአንዳንድ ቀናት ከጅቡቲ ሲገናኝ መታየቱ ነው። ሁለቱን ሲያገጣጥሙ ሴትዮዋ ጅቡቲያዊት እንደሆነች፣ ኑሮዋም እዚያው እንደሆነ፣ ሰመራ የይስሙላ አድራሻ እንደሆነ ጠረጠሩ። ጥርጣሬው እውነት ከሆነ ውሏ በዚያው ቀን ይቋረጣል። ፋይሉን አንብቤ ስጨርስ እኔም ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ።

በቢሯችን ሥርዓት መሠረት ሠራተኛው ሳያውቅ በመጀመሪያ ከጎረቤትና ከቤተሰብ ይጣራል። ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርጋ ያስመዘገበችው አባቷን ነው፤ አድራሻው አዋሽ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ስለዚህ ወደ ሰመራ ከመውረዴ በፊት አዋሽ ማደር ነበረብኝ።

አዋሽ

ከቃሊቲ የተነሣው አውቶቡስ በስድስት መቶ ብር እስከ አዋሽ ያደርሳል። እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ የሚወራለት ነገር የለውም። ከወለንጪቲ በኋላ ግን አየሩ እየከበደ፣ ምድሩ እየገረጣ ይሄዳል። መተሐራ ስንደርስ የበሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር እስኪደርስ ሰፍቶ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ሥር የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አሁንም የቀዘቀዘ አይመስልም። ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን ሲያወልቅ እኔ ኮቴን አላወለቅሁም፤ ለሥራ እንደመጣ ሰው መታየት ፈልጌ ነበር። ይህ ኮት ኋላ ምን ጣጣ እንዳመጣብኝ አንባቢ ያያል።

አዋሽ ላይ ማራገቢያ ያለው ክፍል ተከራይቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ወደ ጣቢያው ሄድኩ። አዲሱ የባቡር መሥመር ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚያልፍ አሮጌው ጣቢያ ሥራ ፈትቷል። ሐዲዱ መካከል ፍየሎች ተኝተዋል። የሠራተኞቹ ቤቶች ግን ዛሬም ሰው አለባቸው፤ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከሐረርጌ ለባቡር ሥራ መጥተው እዚያው የቀሩ ቤተሰቦች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ አጥር ይኖራሉ።

ከአጥሩ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ አስካለ የምትባል ጠና ያለች ሴት አለች። ሻይ አዘዝኩና ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«ሐያት ሙሄ የምትባል ልጅ ያውቃሉ?»

ከጫማዬ ጀምራ እስከ ኮቴ ክሳድ ድረስ አየችኝ። «የጋሽ ሙሄን ልጅ? ምን ፈልገህ ነው የኔ ልጅ?»

«ስለ እርሷ የማጣራው ነገር አለ።»

«ታጣራ?» ብርጭቆውን እያጠበች ፈገግ አለች። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከአዲስ አበባ።»

«ስምህስ?»

«ኑረዲን።»

«እሰይ! ቢያንስ እሱ ተስተካክሏል። ሥራ አለህ?»

ጥያቄው ከቁም ነገሩ የራቀ ቢመስለኝም መለስኩ፦ «አለኝ። ቢሮ ነው የምሠራው።» ከዚያም አከታትዬ ጠየቅሁ፦ «የምትኖረው የት ነው? ማን ጋር? ወደ ጅቡቲ ትመላለሳለች የሚባለውስ እውነት ነው?»

ሴትዮዋ ፎጣውን አስቀመጠች። «ማነው ያለህ? ምቀኛ ነው! ሐያት ጨዋ ልጅ ናት። ከቤት አትወጣም። ሥራዋ፣ ቤቷ፣ ሶላቷ፤ በቃ።»

ሒሳብ ስጠይቅ አልተቀበለችኝም። ወደ ፊት ያለው ባለ ሱቅ ዘንድ ሄጄ ያንኑ ብጠይቀው ቃል በቃል «ጨዋ ልጅ ናት፣ ከቤት አትወጣም» አለኝ። ሐዲዱ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጡረተኞችም ይህንኑ ደገሙልኝ። አራት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ዓረፍተ ነገሩ ከአንድ ቦታ ተሰጥቷቸዋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰመራ ብቻዋን ተቀምጣ ከቤት የማትወጣ ሴት ከአዋሽ ሆነው እንዴት ያዩዋታል? መንደሩ በሙሉ እየሸሸጋት እንደሆነ እርግጠኛ ሆንኩ።

አባቷ አቶ ሙሄ ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ ሽማግሌ ናቸው። እኔ ሳልደርስ ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። ሰላምታ ተለዋውጠን ተቀመጥን። ባለቤታቸው ማንጎ ቆርጠው አቀረቡና ወደ ጓዳ ተመለሱ፤ መጋረጃው ግን አልተዘጋም።

«ስለ ሐያት አኗኗር ለማጣራት ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «ዝርዝሩን ለጊዜው መግለጽ አልችልም።»

«ገብቶኛል። በመስኮት ከሚያፏጭ በበር የሚገባ ይሻላል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤተሰቦችህ ያውቃሉ?»

«የእኔ ቤተሰቦች?»

«አዎ፣ ወደዚህ መምጣትህን።»

«መሥሪያ ቤቴ ያውቃል።»

ሽማግሌው ወደ መጋረጃው ዞር ብለው አዩ። «መሥሪያ ቤቱ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «እንግዲህ ዘመኑ ነው።»

እህታቸው ጅቡቲ እንደምትኖር ከንግግራቸው ያዝኩ፤ በወጣትነቷ በባቡር ወርዳ እዚያው አግብታ ቀርታለች። ሐያት ትጎበኛት እንደሆነ ስጠይቅ «ዘመድ መጠየቅ ሱና ነው» ብለው ወሬውን ወደ ሙቀቱ መለሱት። የማይመልሱትን ጥያቄ አገኘሁት አልኩ በልቤ። ስወጣ ሽማግሌው እጄን ይዘው እንዲህ አሉ፦ «በሚኒባስ አትንገላታ። ሰይድ ነገ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወንድሜ በለው። ከእርሱ ጋር ሂድ። መንገድ ሰውን ያስተዋውቃል።»

ጠባቂ እንደተመደበብኝ ተረዳሁ። ቢሆንም ጠባቂ ብዙ ጊዜ ከሚጠብቀው ነገር አጠገብ ስለሚገኝ ተስማማሁ።

በጋቢና ውስጥ

ጋሽ ሰይድ በጅቡቲ መሥመር ያረጀ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባዶውን ተሳቢ እየጎተተ ወደ ወደብ ይወርዳል፤ ሲመለስ ማዳበሪያ ወይም ስንዴ ይጭናል። ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ከአዋሽ አርባ በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ግራና ቀኙን ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ወርሶታል፤ በየመካከሉ ግመሎች አንገታቸውን አስግገው መኪናውን ያያሉ። ጋሽ ሰይድ ወደ ፊት እያየ እኔን መመርመር ጀመረ።

«ጫት ትቅማለህ?»

«አልቅምም።»

«ሲጋራ?»

«አላጨስም።»

«አትናደድብኝ እንጂ ስንት እህትና ወንድም ናችሁ?»

«አልናደድም፤ ግን ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ምን ያገናኘዋል ይለኛል!» ብሎ ሳቀና መሪውን በእጁ መታ። «ሀገርህ የት ነው?»

«ወረኢሉ።»

«ወሎ! እኔኮ ፊትህን አይቼ ብያለሁ። ተወልደህ ያደግህባት ናት?»

«አይደለም። የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው፤ ወረኢሉ የአባቴ ሀገር ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ለለቅሶ ሄጃለሁ።»

«ያም ሆኖ ሀገርህ ናት። የሙሄ ሀገር ከሚሴ ነው፤ ሰላሳ ዓመት አዋሽ ኖሮም ከሚሴ ነው። ሐያት ደግሞ አዋሽ ተወልዳ ሀገሬ የምትለው አዋሽን ነው። ሰመራ ሥራው ሲበዛባት ትደውልልኛለች፤ ‹ጋሽ ሰይድ፣ ስትመለስ ውሰደኝ፣ ሀገሬ ልግባ› ትላለች። ለረመዳን ሀገሯ ገብታ እዚያው አፍጥራ፣ ከኢድ በኋላ ነው የተመለሰችው።»

ገዋኔ አልደረስንም ነበር። የአያሉ ተራራ በስተቀኝ ብቅ ብሏል። በዚያች ቅጽበት ግን ተራራውን አላየሁትም። «ሀገሬ ልግባ» የሚለውን ቃል በልቤ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፤ ፋይሉ ላይ ያነበብኩት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ተገኘ። ሐያት ስብሰባው ላይ «ሀገሬ ገብቼ ከኢድ በኋላ እመለሳለሁ» ለማለት ፈልጋ በባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል ተናግራዋለች። ሰሚዎቹም በቋንቋቸው ሀገር ማለት ባንዲራና ድንበር ያለው ነገር ብቻ ስለሆነ ከኢትዮጵያ አስወጧት። እነርሱስ እሺ፤ እኔ ምን ነካኝ? ሀገሬን ስጠየቅ የማልኖርባትን ወረኢሉን ያለ አንዳች ማመንታት የጠራሁ ሰው ነኝ። ፋይሉን ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ስለነበር የጠረጠርኩትም በእንግሊዝኛ ነበር።

የጥርጣሬው ግማሽ በመንገድ ላይ ወደቀ። ግማሹ፣ የጅቡቲው ግንኙነት፣ ገና ቆሟል። በተከፈተው በር ለመግባት ቸኩዬ ጠየቅሁ፦ «ጅቡቲስ ሄዳ ታውቃለች?»

ጋሽ ሰይድ አልሸሸገም፤ ይልቁንም ደረቱን ነፋ። «ምን ያስደብቃል? ከእኔ ጋር በዚህች ጋቢና፣ አንተ በተቀመጥክባት ወንበር ነው የሄደችው። አክስቷ ሆስፒታል ገብታ አስታማሚ አልነበራትም። ልጆቿ ፈረንሳይ ናቸው። ሐያት ገላፊ ድንበር ላይ ፓስፖርቷን አስመትታ ተሻገረች። ወላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት፤ አክስቷን በግራ እጇ ታሻሻለች፣ በቀኟ ኮምፒውተሯን ትነካካለች። ‹ሥራዬ እንዳይቋረጥ› ትላለች። እንዲህ ያለች ልጅ ቤት ትሠራለች እንጂ ቤት አታፈርስም። አንተ ዕድለኛ ነህ።»

«እኔ ለምን ዕድለኛ እሆናለሁ?»

«የምታገባት አንተ አይደለህ እንዴ?»

የአስካለ ፈገግታ፣ የአራቱ ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር፣ የነጭ ሸሚዙ ሽማግሌ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፍች አገኙ። ኮት ለብሶ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የአንዲት ያላገባች ሴት አኗኗር «ላጣራ ነው» የሚል ወጣት በዚህ ሀገር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሰበሰብኩት የምስክርነት ቃል ሁሉ ለሙሽራ የተሰጠ ምስጋና ነበር።

እውነቱን ነገርኩት። ከቀጣሪዋ ዘንድ እንደመጣሁ፣ ጅቡቲ ሆና መሥራቷ ከተረጋገጠ ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል ሳልቀንስ ነገርኩት።

ጋሽ ሰይድ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ቃሌን መልስልኝ» አለ።

«እንዴት ብዬ?»

«እኔ የነገርኩት ለሙሽራ ነው። ለአንተ አልነገርኩም።»

አዳይቱ

ለምሳ አዳይቱ ቆምን። ሩዝ በፍየል ሥጋ ሦስት መቶ ብር ነው፤ ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ግን አልቀመሰውም። ዳሱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ከፊታችን ሁለት አፋሮች ተገናኝተው እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ረጅም ወሬ ተለዋወጡ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «እንዴታ» እንደማለት ያለ ድምፅ ያሰማል። ዳጉ የሚሉት ይህ ነው፤ መንገደኛ ለመንገደኛ ያየውንና የሰማውን የሚያስረክብበት ሥርዓት። ይህን በመጻሕፍት አንብቤው ነበር። በዚያን ቀን ግን ያሳሰበኝ እኔ የተረከብኩት ወሬ ነው። ሰውየው ያስረከበኝ ሌላ ሰው መስዬው ነው። ሕጉ ይህን ምን እንደሚለው አላውቅም፤ መመሪያው ዝም ይላል።

ሾፌሩ ተነሥቶ ስልኩን ይዞ ወደ መኪናው ኋላ ሄደ። ለሐያት እየደወለላት እንደሆነ ገባኝ። አሁን እርስ በርስ ይስማማሉ፣ ቃላቸውን ያስተካክላሉ ብዬ ጠረጠርኩ። ጥርጣሬዬ አፍሮ ዝም አለ እንጂ አልሞተም ነበር።

ከሚሌ በኋላ ምድሩ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ሎግያ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሳቢዎች ተደርድረዋል፣ ጋራዦቹ በር ላይ ሾፌሮች ተጋድመዋል። ጋሽ ሰይድ እዚያ አወረደኝና «ሰመራ በባጃጅ ነው» ብሎ በሩን ዘጋ። ኪራይ ልከፍለው ብሞክር ወደ እጄም አላየም።

ሰመራ

ሰመራ ነፋስ የሚገዛት ከተማ ናት። ሰፋፊ መንገዶቿ ላይ ከሰው ይልቅ አቧራ ይመላለሳል፤ የመንግሥት ሕንፃዎቹ እርስ በርስ ተራርቀው ቆመዋል። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሐያት ሄድኩ። የተከራየችው አንድ ክፍል ቤት ነው። አከራይዋ በረንዳው ላይ ወንበር አወጡልንና ሩቅ ሳይሄዱ ምስር መልቀም ጀመሩ።

ሐያት ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የማያርፍ ልጅ ናት። የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ሙሽራው መጣ?» አለች።

«ስለ ተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርስዎን ማነጋገር ያስፈለገኝ…»

«አንቺ በለኝ እባክህ። ‹እርስዎ› ስትለኝ ጥፋቴ ይበዛብኛል።»

ሰመራ የምትኖር መሆኗን ለማረጋገጥ ብዙ አልደከምኩም። የኪራይ ውሏን አሳየችኝ፤ አከራይዋ ሳይጠየቁ «ሌሊቱን ሙሉ መብራት ታቃጥልብኛለች» ብለው መሰከሩባት። ስለ ስብሰባው ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች። «ሀገሬ ስላልኩ ከሀገር አስወጡኝ?» አለችና እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠች።

«ጅቡቲ ግን እውነት ነው» አለች።

«ጋሽ ሰይድ ነግሮሻል?»

«ደውሎ አልቅሷል ብል አልዋሽም። ‹ልጄን በአፌ ሸጥኳት› አለኝ። እህ፣ እውነቱን ነው የነገረህ። አክስቴን ሳስታምም እዚያው ሆኜ ሠርቻለሁ።»

«ፈቃድ መጠየቅ ነበረብሽ።»

«አውቃለሁ፤ መመሪያውን አንብቤዋለሁ። ጥያቄው ለሠራተኛ አስተዳደር ይሄዳል፣ ከዚያ ለግብር ክፍል፣ ከዚያ ለመረጃ ጥበቃ። ሦስቱም እስኪፈርሙ አክስቴ በአልጋዋ ትጠብቀኝ ነበር? ፈቃድ ወጥቼ ሥራውን ላቁም ብል ደግሞ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል፤ ካላስረከብኩ ውሉ አይታደስም።» ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። አንድ ሽማግሌ በአፋርኛ ቀስ ብሎ ይናገራል፤ ከኋላው ባሕር የሚመስል ድምፅ አለ። «ይሄ ሰውዬ የት ተቀምጦ የሚያወራ ይመስልሃል? ታጁራ፣ ጅቡቲ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ልኮ ያስቀዳው ነው። የሽማግሌው ድምፅ ድንበር ተሻግሮ እኔ ጋ ሲመጣ ማንም አልጠየቀውም። እኔ ድምፁን ይዤ ሀገሩ ስሄድ ወንጀል ሆነ።»

መልስ ነበረኝ። ስለ ግብሩ፣ ስለ ኢንሹራንሱ ማስረዳት እችል ነበር፤ ጥቂትም ሞከርኩ። እዚያ ሆስፒታል ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯ ቢሰበር ማን ያሳክማት እንደነበር ጠየቅኋት። «አክስቴ» አለች። አከራይዋ ምስሩን ትተው ሳቁ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር፤ የመጣሁት ስለ እርሱ ይመስለኛል። «ጋሽ ሰይድ አፉ ባያመልጠው ኖሮ አንቺ ትነግሪኝ ነበር?»

ሐያት ወደ መንገዱ አየች። የምትዋሸኝ ከሆነ አሁን ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አልነግርህም ነበር» አለች።

ከአዲስ አበባ ከተነሣሁ ወዲህ ያለ ጥርጥር ያመንኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«ምን ትጽፋለህ?» አለችኝ።

«የሆነውን። ግን ከጋሽ ሰይድ የሰማሁትን እንደ ማስረጃ ልጠቀምበት አልችልም። ያገኘሁት በስሕተት ነው።»

«አትጠቀምበት። እኔ አዋሽ ከአፋር ልጆች ጋር ነው ያደግሁት። ዳጉ ላይ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ነው የምትለው፤ ከማን እንደሰማህም ትጠየቃለህ። አሁን ከእኔ ሰምተሃል። ‹ከራሷ አፍ ሰማሁ› ብለህ ጻፍ። የእርሱን ስም አታንሣ፤ ሰውየው በእኔ ሰበብ ምግብ አይበላም።»

«እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ።»

«አልጻፍኩም ብለህ ብትምልልኝ ደግሞ እስከ መቼ ነው የምጠረጥርህ?» አለችና ማዳመጫዋን ከእጄ ወሰደች።

መልስ

በማግሥቱ በሚኒባስ ወደ አዋሽ ተመለስኩ። ሙቀቱ መስኮቱን ብትከፍተውም ብትዘጋውም ያው ነው። ሪፖርቱን በጉዞው ላይ በልቤ ጻፍኩት፤ ያየሁት እነሆ፣ የሰማሁት እነሆ፣ የነገረችኝ ራሷ ናት። ለወትሮው «ተረጋግጧል» እና «ታውቋል» እያልኩ ነበር የምጽፈው፤ ማን እንዳየና ማን እንደሰማ የማይናገሩ ቃላት ናቸው።

አዋሽ ላይ አቶ ሙሄን ሳላነጋግር ማለፍ ተገቢ ስላልመሰለኝ ወረድኩ። ማንነቴን በግልጽ ነገርኳቸው። «ስለዚህ ልጄን የምትወስድብኝ ሳይሆን እንጀራዋን የምትወስድባት ነህ» አሉ። አስካለ ወሬው ደርሷት ኖሮ፣ ሻይ ሳዝዝ ያንን የፊተኛውንም ጨምራ አስከፈለችኝ።

አዲስ አበባ ስገባ ብርዱ እንደ ባዕድ ተቀበለኝ። ሪፖርቱን በማግሥቱ ላክሁ። በእንግሊዝኛ ስጽፈው «ሀገር» የሚለውን ቃል አልተረጎምኩትም። በላቲን ፊደል እንዳለ አስቀምጬ በአንድ አንቀጽ አስረዳሁት፦ ሰው የተወለደበት ቀዬም፣ አባቱ የመጣበት ቀዬም፣ ፓስፖርት የሚሰጠው መንግሥትም በእኛ ቋንቋ በዚህ በአንድ ቃል እንደሚጠሩ። ስለ ጅቡቲም ሳልቀንስ ጻፍኩ። ድርጅታችንም ሆነ ዩኒቨርሲቲው ለድንገተኛ የቤተሰብ ሕመም የሚሆን ፈጣን የፈቃድ መንገድ እንደሌላቸው ጨመርኩበት።

መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ሳምንታት ሐያት አልደወለችልኝም፤ እኔም አልደወልኩም። ሲመጣ አጭር ነበር። ነዋሪነቷ ኢትዮጵያ እንደሆነ ተቀብለዋል፤ ውሏ ይቀጥላል። ያለፈው በማስጠንቀቂያ ታልፏል፤ ኮምፒውተሩ ዳግመኛ ከጅቡቲ ቢገናኝ ግን ያለ ተጨማሪ ማጣራት ውሉ ይፈርሳል። ስለ ፈጣኑ ፈቃድ ያነሣሁት ሐሳብ «ለወደፊቱ ይታያል» ተብሏል። ወደ ሐያት ደውዬ አነበብኩላት። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ከዚያ «ለጋሽ ሰይድ ልንገረው» ብላ ዘጋችው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ብጠየቅ፣ መጠርጠርን ትቻለሁ ብዬ አልዋሽም፤ የምከፈለው ለእርሱ ነው። ግን ጥርጣሬም ቋንቋ እንዳለው አውቄያለሁ። በባዕድ ቋንቋ የጠረጠርከውን ሰው በራሱ ቋንቋ ሳትጠይቀው አትፍረድ። ለምን እንደምትጠይቀውም ሳትነግረው መልሱን መልስ ብለህ አትመዝግብ። አሁን በቢሯችን ከጎረቤት የሚጀምረው ማጣራት ቀርቷል፤ ከሠራተኛው እንጀምራለን።

ይህን ማስታወሻ ልዘጋ ስል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮዬ በር ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ነበር። መኪናውን ቃሊቲ አቁሞ በታክሲ እንደመጣ ነገረኝ። ከብብቱ ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ በጥንቃቄ አኖረው። የሐያት ኮምፒውተር ነው።

«አማናዋ ነው» አለ። «አክስቷ ተመልሳ ሆስፒታል ተኝታለች። ልጅቷ ከሥራ ፈቃድ ወጥታለች። ‹እኔ የምሄድበት እርሱ አይሄድም፤ እስክመለስ ኑረዲን ይያዝልኝ› ብላለች።»

ኮምፒውተሩን ሰመራ ክፍሏ ውስጥ ቆልፋ መሄድ ትችል ነበር፤ መመሪያው ከዚያ በላይ አይጠይቃትም። ይህን ሁሉ መንገድ የላከችው እኔ እንዳልጠራጠር ነው። ለወትሮው ድንበር ያለፈችበትን ቀን፣ የምትቆይበትን ጊዜ፣ የምታርፍበትን ቤት እመዘግባለሁ። ብዕሬን ማንሣቴን ጋሽ ሰይድ አየና ፊቱ ጠቆረ።

ብዕሩን አስቀመጥኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ኮምፒውተሩን ከነሻሹ አስገባሁና ቆለፍኩት። ከዚያ ስለ አክስቷ ሕመም ጠየቅሁት።